አዲስ ቸርኬ ሲያስገቡ በጎማ ልክ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ቸርኬ የሚቀይር ሰው መልኩን ሲያማርጥ ይከርምና ጎማው ላይ ሲደርስ «የ18 አምጣ» ብሎ ይገላገላል። ሻጩም ያለውን ይሰጠዋል። ጎማው ቸርኬው ላይ ይገባል፣ ይነፋል፣ መኪናውም ይሄዳል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጎማ ገባ ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም። ልኩ የሚባለው ሙሉ ቁመቱ ፋብሪካው ከሰጠው ጎማ ጋር ሲቀራረብ፣ ስፋቱ ለቸርኬው ስፋት የተፈቀደ ሲሆን፣ የሚሸከመው ክብደትም ከፋብሪካው የማያንስ ሲሆን ነው።

የመሐሉን ቁጥር ሳይነኩ ቸርኬ ማሳደግ

ከሁሉም የበዛው ስህተት ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚያበሳጨውም ይኸው ነው፤ ለማስቀረት እርሳስና ወረቀት ይበቃልና። 205/55 አር 16 የተጻፈበትን ጎማ እንውሰድ። 205 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 55 ግን ሚሊሜትርም ኢንችም አይደለም፤ የጎማው ጎን ቁመት የስፋቱ 55 በመቶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ 205ን በ0.55 ያባዙ፤ 112.75 ይመጣል። ጎን ከላይም ከታችም ስላለ በሁለት ሲባዛ 225.5 ይሆናል። 16 ኢንች በ25.4 ሲባዛ 406.4 ነው። ሁለቱን ሲደምሩ 631.9 ሚሊሜትር ያገኛሉ። ቸርኬ ሲቀየር መያዝ ያለበት ቁጥር ይህ ነው።

አሁን ባለመኪናው ቸርኬውን ወደ 17 አሳደገና «ሌላው እንዳለ ይሁን» ብሎ 205/55 አር 17 ገዛ። ሙሉ ቁመቱ 657.3 ሚሊሜትር ሆነ፤ በ25 ሚሊሜትር፣ ማለትም በ4 በመቶ አደገ። ሌላው ደግሞ «ወፈር ይበልልኝ» ብሎ 225/55 አር 17 ያስገባል። 55ቱ አሁን የሚሰላው ከ225 ስለሆነ ጎኑም አብሮ ያድጋል፤ ሙሉ ቁመቱ 679.3 ይደርሳል። ይህ ከፋብሪካው በ7.5 በመቶ ይበልጣል። የፍጥነት መለኪያው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር እንጂ መንገዱን አይደለም። እርግጥ መለኪያዎች ሲሠሩ ትንሽ አብዝተው እንዲያሳዩ ይደረጋሉ፤ ያ ትርፍ ግን እዚህ ተበልቶ ያልቃል። መርፌው 100 ላይ ቆሞ መኪናው ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። ኪሎ ሜትሩም አንሶ ስለሚመዘገብ የዘይት መቀየሪያ ጊዜ ያልፋል። ሞተሩ ዳገት ላይ ይከብደዋል፣ ፍሬኑ ከወትሮው በላይ ይለፋል፣ ጎማውም ሲታጠፍ ፓራፋንጎውን ይፍቃል።

ተቃራኒውም አለ። «ዝቅ ያለ ያምራል» ተብሎ 205/40 አር 17 ሲገባ ሙሉ ቁመቱ 595.8 ነው፤ በ5.7 በመቶ ያንሳል። ቀጭኑ ጎን ጉድጓዱን መሸከም አይችልም፤ ምቱ በቀጥታ ቸርኬው ላይ ያርፋል፣ ቸርኬውም ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ለዚህ መኪና በ17 ቸርኬ ልኩ 225/45 አር 17 ነው፦ 634.3 ሚሊሜትር፣ ልዩነቱ 2.4 ብቻ። በ18 ከሆነ 225/40 አር 18፦ 637.2፣ ልዩነቱ ከ1 በመቶ በታች። ዘወትር የሚባለው ገደብ 3 በመቶ ነው፤ ወደ ላይ ሲሆን ግን ከ2 አለማለፍ ይሻላል።

ስሌቱን ሲሠሩ መነሻዎ መኪናው ላይ አሁን የተገጠመው ጎማ አይሁን። የቀድሞው ባለቤት ቀይሮት ሊሆን ይችላል። በሹፌሩ በር ማቀፊያ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ወይም የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ይመልከቱ።

ፒክአፕና ትልልቅ ፎር ባይ ፎር መኪኖች ላይ በኢንች የሚጻፍ ልክ ያጋጥማል። 31 በ10.5 አር 15 ማለት ሙሉ ቁመቱ 31 ኢንች፣ 787 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እዚህ የመጀመሪያው ቁጥር ቁመት እንጂ ስፋት አይደለም። 265/70 አር 16 ደግሞ 777 ሚሊሜትር ስለሆነ ሁለቱ ብዙ አይራራቁም፤ 265/70 አር 17 ግን 803 ነው። የመሐሉን ቁጥር አለመንካት እዚህም ያንኑ ጣጣ ያመጣል።

የቸርኬውን ስፋት አለመጠየቅ

«17 ቸርኬ» ብቻ ማለት ግማሽ መረጃ ነው። 17 በ7 አለ፣ 17 በ8.5 አለ። እያንዳንዱ ጎማ የሚቀመጥበት የቸርኬ ስፋት ከነገደቡ የተወሰነ ነው፦ 205/55 አር 16 ከ5.5 እስከ 7.5 ኢንች፣ 225/45 አር 17 ከ7 እስከ 8.5፣ 225/40 አር 18 ከ7.5 እስከ 9። የሌላውን ልክ ከጎማው አምራች ሠንጠረዥ ያገኙታል።

ጠባብ ጎማ ሰፊ ቸርኬ ላይ ሲወጠር ጎኑ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የቸርኬው ጠርዝም ከጎማው አልፎ ስለሚወጣ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ይሆናል። ከዚህ የባሰው ንፋሱ ጎደል ብሎ በፍጥነት ሲታጠፉ ነው፤ ጎማው ከቸርኬው ላይ ሊወልቅ ይችላል። ስለ መልኩ ብሎ ይህን የሚመርጥ ሰው የሚጫወተው በራሱና በተሳፋሪዎቹ ነው። ሰፊ ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ደግሞ መሬት የሚረግጠው ፊቱ መሐሉ ላይ ያብጣል፣ መሐሉ ቶሎ ያልቃል፣ መሪው ልል ይሆናል።

በራሳችሁ የምትለኩ ጀማሪዎች እዚህ ትሳሳታላችሁ፤ መለካታችሁ ግን ያስመሰግናል። የቸርኬ ስፋት የሚለካው ጎማው ከሚቀመጥበት ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው ጎን ከውስጥ ነው። ሜትሩን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በውጭ ከዘረጉት አንድ ኢንች ገደማ ይጨምራል፤ 8 የነበረው 9 ይመስላል፣ ጎማውም በዚያው ይሳሳታል። የቸርኬው የጀርባ ጽሑፍ ከሜትሩ ይታመናል።

ኦፍሴትን መርሳት

ጎማው በቁመቱ ልክ ሆኖ ሳለ ፓራፋንጎ የሚፍቅበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ኦፍሴት የቸርኬው ስፋት መሐል፣ ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ላይ ከሚያርፈው ፊቱ በስንት ሚሊሜትር እንደሚርቅ ይናገራል፤ ከጀርባው ኢቲ ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲበዛ ወደ ውስጥ ይገባል።

የፋብሪካው 6.5 ኢንች ስፋትና ኢቲ 45 ነበር እንበል፤ አዲሱ 8 ኢንችና ኢቲ 35 ነው። ስፋቱ በ38 ሚሊሜትር ስለጨመረ በእያንዳንዱ ጎን 19 ይደርሳል። ኦፍሴቱ በ10 ስለቀነሰ በውጭ በኩል 19 ሲደመር 10፣ 29 ሚሊሜትር ይወጣል፤ በውስጥ በኩል 19 ሲቀነስ 10፣ 9 ሚሊሜትር ወደ ሾክ አብዞርበሩ ይጠጋል። ቸርኬውን ከመግዛትዎ በፊት ያሉትን ሁለት ክፍተቶች ለክተው ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር ያስተያዩ። ብዙ ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ኩሽኔታውንም ይጎዳል።

አራቱንም ጎማ አስገብቶ ከዚያ መሞከር

አንዱን ብቻ ያስገቡ። የተገጠመ ጎማ አዲስ ተብሎ አይመለስምና። ያንን አንዱን ፊት ላይ ያስሩና መኪናውን ከክሪክ ያውርዱ፤ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ የሚደረግ ልኬት ያታልላል። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያዙሩ። ከዚያ በቀስታ ይንዱ፣ ጉብታ ያሻግሩ፣ ሰው ጭነው ይድገሙት። ባዶውን የማይነካ መኪና አራት ሰውና ሻንጣ ሲጫን ይነካል። ሲመለሱ የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ ይዩ፤ ጎማ ያለፈበት ቦታ አቧራው ተጠርጎ ያብረቀርቃል። የፍሬን ቱቦውንም ይፈትሹ። በፍሬን ካሊፐሩና በቸርኬው መሐል ቢያንስ 3፣ በሾክ አብዞርበሩና በጎማው መሐል ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ክፍተት ከሌለ አልገባም በሉት። ከዚያ ኋላው ላይም ይሞክሩት።

ከልኩ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አለማንበብ

91 ቪ፣ 94 ደብልዩ የሚለው ጽሑፍ ጌጥ አይደለም። ቁጥሩ አንድ ጎማ የሚሸከመው ክብደት ነው፦ 88 ማለት 560 ኪሎ፣ 91 ማለት 615፣ 94 ማለት 670። ፊደሉ በሰዓት ኪሎ ሜትር የፍጥነት ጣሪያው ነው፦ ቲ 190፣ ኤች 210፣ ቪ 240። መኪናው 91 ከጠየቀ 88 ርካሽ ነው ተብሎ አይገባም።

እዚህ ላይ ሙያተኛም የሚስተው ነገር አለ። 225/40 አር 18 ጎማ 91ን የሚያልፈው ኤክስ ኤል (የተጠናከረ) የሚል ምልክት ሲኖረው ነው፤ ያኔ 92፣ 630 ኪሎ ይሸከማል። ግን ያንን የሚሸከመው በ2.9 ባር ንፋስ ነው። የቀድሞው 2.2 ባር እንዳለ ከተተወ አዲሱ ጎማ ከአሮጌው ያነሰ ነው የሚሸከመው። ወደ 2.5 ባር አካባቢ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከረዥም መንገድ በኋላ ጎኑ እጅ የሚያቃጥል ጎማ ብዙ ጊዜ ንፋሱ ያነሰው ነው።

ጎማው ሳይበድል የሚወቀስበት

ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት መሪው ከተንቀጠቀጠና ባላንስ ደጋግሞ ካላስቆመው የቸርኬውን የመሐል ቀዳዳ ይለኩ። በገበያ የሚሸጡ ብዙ ቸርኬዎች ለብዙ መኪና እንዲሆኑ 73.1 ሚሊሜትር ተደርገው ይቦረቦራሉ፤ የቶዮታ የቤት መኪኖች ሞዞ በብዛት 54.1 ወይም 60.1 ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ቀለበት ካልገባ ቸርኬው መሐል አይዝም።

የቡሎን ቀዳዳውን ርቀት በዓይን አይገምቱ። ባለ 5 ቀዳዳ ከሆነ የሁለት ጎረቤታም ቀዳዳዎችን ርቀት ከመሐል መሐል ለክተው በ1.701 ያባዙ፤ የሚመጣው ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትር ነው። 67.2 ከሆነ 114.3 ነው፤ 65.8 ከሆነ 112 ነው። በጎረቤታሞቹ ቀዳዳዎች መሐል ልዩነቱ 1.4 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በግድ ይታሰራል፤ ቡሎኑ ግን ተጣሞ ስለሚቆይ ዳዶው እየላላ ይሄዳል። የፋብሪካው ዳዶም ለአዲሱ ቸርኬ ላይሆን ይችላል፦ ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለው ዳዶ ሾጣጣ ቀዳዳ ላይ አይዝም።

ፎር ባይ ፎር መኪና ላይ ፊትና ኋላ የተለያየ ቁመት ማድረግ ዲፈረንሻሉን መግደል ነው። ተጠባባቂው ጎማም ያው ቁመት ይኑረው።

16 ኢንች ጎማ 16.5 ኢንች ቸርኬ ላይ በፍጹም አይነፋም፤ ጠርዙ ተበጥሶ ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል።

ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ መመሪያው በሚለው ልክ በቶርክ ሬንች ያጥብቁ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ቸርኬው ሲቀዘቅዝ እንደገና ይፈትሹዋቸው።