ከሮት አካውንት ያለ ጊዜው ስታወጡ እነዚህን አትሳሳቱ

ሮት፣ ታክሱ አስቀድሞ የተከፈለበት ገንዘብ የምታስገቡበት የአሜሪካ የጡረታ ቁጠባ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የወገኖቼን ታክስ ስሠራ በየዓመቱ የምሰማው ቃል አለ፦ «የሮት ገንዘብ ታክሱ ተከፍሎበታል፤ ምን ማሳወቅ ያስፈልጋል?» እውነት ነው፣ ያስገባችሁትን ዋናውን በግላችሁ ከምትከፍቱት ሮት አይአርኤ በየትኛውም ዕድሜ ያለ ታክስና ያለ ቅጣት ታወጣላችሁ። መጀመሪያ የሚወጣው ዋናው ነው፤ ትርፉ የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። ነገር ግን አካውንቱን የያዘው ድርጅት የሚልክላችሁ 1099-አር የሚባለው ወረቀት ስንት እንዳወጣችሁ እንጂ ከዋናው ይሁን ከትርፉ አይናገርም። ያንን የምትናገሩት እናንተ ናችሁ፤ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ በምትልኩት ፎርም 8606።

አንድ ታክሲ ነጂ ደንበኛዬ 22,000 ዶላር አስገብቶ ነበር፤ ለቤት ቅድመ ክፍያ 15,000 አወጣ። ወረቀቱን አላሳየኝም። ከዓመት በላይ ቆይቶ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ፦ 15,000ው በሙሉ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ፣ በላዩ ላይ የ10 በመቶ ቅጣት፣ 1,500 ዶላር። በማለዳ መጥቶ ቢሮዬ በር ላይ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። በየዓመቱ ያስገባውን የሚያሳዩትን ፎርም 5498ዎች ከካርቶን ሥር ለቃቅመን፣ 8606 ሞልተን ላክን፤ ዕዳው ተሰረዘ። እስኪሰረዝ ግን ወራት አለፉ፤ እንቅልፍ አልነበረውም። እባካችሁ፣ እነዚያን ወረቀቶች አትጣሉ!

ትርፉ ከታክስ ነጻ የሚሆነው ዕድሜያችሁ 59 ዓመት ተኩል ሲሞላና የመጀመሪያው መዋጮ ከተቆጠረበት ዓመት ጃንዋሪ 1 ጀምሮ አምስት ዓመት ሲያልፍ ነው። ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ለልጅ የኮሌጅ ክፍያ ብታወጡት ቅጣቱ ይቀራል፣ የትርፉ ታክስ ግን አይቀርም። ለመጀመሪያ ቤት እስከ 10,000 ዶላር ትርፍ ያለ ቅጣት ይፈቀዳል፤ በዕድሜ ልክ ነው እንጂ በየቤቱ አይደለም። አምስቱ ዓመት ከሞላ ታክሱም ይቀራል።

ታክሱ ገና ካልተከፈለበት ከመደበኛው አይአርኤ ወደ ሮት ያዛወራችሁት ገንዘብ ደግሞ ያለ ቅጣት ለማውጣት የራሱ አምስት ዓመት አለው፤ እያንዳንዱ ዝውውር ለየብቻው ይቆጠራል።

እኔም የተሳሳትኩበት አለ። ሥራውን ስጀምር አንዲት እናት ስለ ሮት ሲጠይቁኝ «ያስገቡትን ያውጡ፣ ምንም የለበትም» አልኳቸው። የእሳቸው ግን በአሠሪ በኩል የሚቆጠበው ሮት 401ኬ ነበር። እዚያ ዋናው ቀድሞ አይወጣም፤ ከእያንዳንዱ ዶላር ጋር የትርፉ ድርሻ አብሮ ይወጣል። ታክስና ቅጣት ከፈሉ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ አካውንቱ የሚልከውን መግለጫ በዓይኔ ሳላይ መልስ አልሰጥም።

«እቁቡ ሲደርሰኝ እመልሰዋለሁ» ለምትሉም፦ ያላችሁ 60 ቀን ነው፤ ያውም በ12 ወር አንዴ ብቻ። ዕጣችሁ መቼ እንደሚወጣ ሳታውቁ አትንኩት።