የትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ውሃ መግባቱን እንዴት እናውቃለን?

ፒያሳና ካዛንቺስ ሕንፃ ስር ያሉ ትራንስፎርመሮችን ለማየት ስሄድ ጥበቃው ቀድሞ የሚያሳየኝ መሬት ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት ነው። "ይኸው እያለቀሰ ነው" ይለኛል። እሱስ ይጠገን። ውሃው ግን ብዙ ጊዜ የሚገባው ዘይት በማይፈስበት በኩል ነው። ከዘይቱ ከፍታ በላይ ያለ ጎሚኒ (መጋጠሚያውን የሚያሽገው ላስቲክ) ቢሰነጠቅ ጠብ የሚል ነገር የለም፣ የሐምሌ ዝናብ ግን ቀዳዳውን አይስተውም። ስለዚህ ፍለጋው ከላይ ይጀምራል፤ ከላይ የተጋደመችው በርሜል (ኮንሰርቬተር የምንላት) ክዳን፣ የቡሺንጎቹ (ሽቦው የሚገባባቸው የሸክላ አንገቶች) እግር፣ የላይኛው ክዳን ዙሪያ።

ለዚህ ሁሉ መስመሩ ተቆርጦ ኧርዝ መደረግ (ከመሬት ጋር መያያዝ) አለበት። 15 ኪሎ ቮልት ቀልድ አያውቅም። ንብረቱ የመብራት ኃይል ከሆነ ደግሞ ደውሉ እንጂ አትንኩት።

መብራት ሳይጠፋ፣ ራቅ ብላችሁ ቆማችሁ የምታዩት አንድ ነገር አለ፤ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ያለው ሲሊካ ጄል፣ እርጥበት የሚመጠው ፍሬ። ትራንስፎርመሩ ጭነት ሲበዛበት ይሞቃል፣ ዘይቱ ይሰፋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ ያ አየር የሚያልፈው በዚህች ብርጭቆ ነው። ሰማያዊው ጄል ሲረጥብ ሮዝ ይሆናል፣ ብርቱካናማው አረንጓዴ። አየሩ ከታች ስለሚገባ ቀለሙም ከታች ወደ ላይ ነው የሚቀየረው። ከላይ ጀምሮ ከተቀየረ እርጥበቱ በሌላ ቀዳዳ እየገባ ነው ማለት ነው። (ሰማያዊው ኮባልት ስላለው በባዶ እጅ አትንኩት።)

ቀጥሎ ናሙና። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ የሚቀዳው ከታችኛው ቫልቭ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እኔንም ጨምሮ። አንዴ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አጥቤ ቀዳሁበት፤ ውጤቱ ወደቀ፣ ባለቤቱ ደነገጠ፣ ለካ ውሃው የጠርሙሱ ነው። በደንብ የደረቀ የብርጭቆ ጠርሙስ ያዙ። ቫልቩን ጥረጉ፣ የመጀመሪያውን ዘይት በሌላ ዕቃ አፍስሱ፣ ከዚያ እስከ አፉ ሞልታችሁ ወዲያው ክደኑ። ዝናብ እየጣለ አይቀዳም። የዘይቱን ሙቀትም ጻፉ፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ። ትራንስፎርመሩ በጣም የቆየ ከሆነ ዘይቱ ፒሲቢ የሚባለው መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል ጓንት ግድ ነው።

ቶሎ ለማወቅ ያህል በኤሌክትሪክ ምድጃ የጋለ ብረት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ፣ መነጽር አድርጋችሁ፣ ደጅ ላይ። የቡታጋዝ ነበልባል አይሆንም፣ ዘይቱ ይቀጣጠላል። ከተንጣጣ ውሃ አለው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ስለዚህ ብረቱ እስኪቀላ መጠበቅ የለም። ዝም ካለ ግን ደረቅ ነው አትበሉ፤ ዘይት ውስጥ የሟሟ ውሃ አይንጣጣም።

እሱን የሚነግራችሁ ላቦራቶሪ ነው። የቮልቴጅ መቋቋም ፈተናው 2.5 ሚሊ ሜትር በተራራቁ ሁለት ኤሌክትሮዶች (ቮልቴጁ የሚሰጥባቸው የብረት ጫፎች) መካከል 6 ጊዜ ተሞክሮ አማካዩ ይያዛል። ቁጥሩ ካነሰ ውሃ ሊሆን ይችላል፣ ቆሻሻም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ካርል ፊሸር የሚባለው ምርመራ ነው፤ ውሃውን ብቻ ለይቶ በሚሊዮን ስንት እንደሆነ ይሰጣችኋል።

አንድ ነገር አትርሱ፤ አብዛኛው ውሃ ያለው ዘይቱ ውስጥ ሳይሆን የሽቦው ጥቅልል የተሸፈነበት ወረቀት ውስጥ ነው። ሲሞቅ ወደ ዘይቱ ይለቀዋል፣ ሲበርድ መልሶ ይመጠዋል። በቀዝቃዛ ጠዋት የተቀዳን ከሞቀ ከሰዓት ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም፣ ሙቀቱን ጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው። ዘይቱ ተጣርቶ፣ ጎሚኒው ተቀይሮም ውሃው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ፣ ዝናብ በሌለበት፣ በተቀራረበ ሙቀት ምርመራውን ድገሙት። በበጋም እየጨመረ ከሄደ የሚለቀው ወረቀቱ ነው፣ ማድረቅ ያስፈልገዋል። ክረምት ሲገባ ብቻ የሚጨምር ከሆነ ቀዳዳው አልተገኘም፤ መሰላሉን አምጡ።