ልጅዎ በሩጫ ወደ ኋላ ቢቀር ከደረጃው ይልቅ ሰዓቱን ይመዝግቡለት

ልጅዎ የሩጫ ውድድር እየወደደ ዘወትር ከኋላ የሚገባ ከሆነ፣ ስንተኛ እንደወጣ ከመጠየቅዎ በፊት የገባበትን ሰዓት በትንሽ ደብተር ላይ አብረውት ይጻፉ። ልጄ በ10 ዓመቷ 800 ሜትርን በ4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሮጣ መጨረሻ የወጣች ዕለት፣ መስመሩን እንዳለፈች ቀና ብላ በመጀመሪያ ያየችው የእኔን ፊት ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ በ3 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ስትገባ ግን፣ አሁንም መጨረሻ ብትሆንም፣ ደብተሩን ራሷ ከቦርሳዬ አውጥታ 12 ሰከንድ መቀነሷን በትልልቅ ቁጥር ጻፈች። «አንተማ ቀነኒሳ ነህ» እያሉ ማሞገስ ከፍቅር የሚመነጭ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በብራስልስ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ከሮጠ ሰው ጋር መነጻጸር ለልጅ ትከሻ ከባድ ሸክም ነው ብዬ አምናለሁ። አብዛኛውን ልምምድ እያወራ ሊሮጥ በሚችልበት ፍጥነት ያሠሩት፤ ትንፋሽ አጥሮት ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ፍጥነቱ በዝቷል። ጫማውም ጣቶቹን እንዳይጨቁነው ጫፉን በአውራ ጣትዎ እየተጫኑ በየጊዜው ይፈትሹ።