ከገዢው ፓርቲ ወጥቶ ተቃዋሚ የሆነን ፖለቲከኛ ታሪክ እንዴት እናንብብ? ዣን ፒንግን ይዘን እንሞክረው

ድሮ ከርቸሌ በነበረበት ቦታ ላይ የቆመውን የአፍሪካ ኅብረት ረጅም ሕንጻ አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ያ ሕንጻ በጥር 2012 ሲመረቅ የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀመንበር ጋቦናዊው ዣን ፒንግ ነበሩ። አራት ዓመት ተኩል አለፈ። እኚሁ ሰው በጋቦን ዋና ከተማ ሊብረቪል ላይ የተመረጥኩት ፕሬዚዳንት እኔ ነኝ ብለው አወጁ፣ የምርጫ ዘመቻ ጽሕፈት ቤታቸውም በሌሊት በጸጥታ ኃይሎች ተወረረ። (ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲገጥመን ቶሎ መፍረድ ይቀናናል። አንዳንዱ «ጀግና ነው፣ እውነቱን አይቶ ወጣ» ይላል። ሌላው «ትናንት አብሮ ሲበላ አልነበረም እንዴ?» ይላል። እኔ ሁለቱም አይበቃኝም፤ ምክንያቱም መሀል ላይ ድምጹን የሰጠ፣ አንዳንዴም ሕይወቱን የከፈለ ሕዝብ አለ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር የምሠራበትን መንገድ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ወረቀት አውጡና በሁለት ዓምድ ክፈሉት። በግራ በኩል ሰውየው የያዘውን ሥልጣን ከነዓመቱ ጻፉ። በቀኝ በኩል ደግሞ ያንን ሥልጣን ማን እንደሰጠው። ሁለተኛው ዓምድ ነው ዋናው።

ፒንግ በ1942 ኦምቡዌ በምትባል የጋቦን የባሕር ዳር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከቻይና፣ ከዌንዡ የመጡ ሰው ናቸው፤ እናታቸው ጋቦናዊት። ፓሪስ ኢኮኖሚክስ ተምረው ዶክተር ሆኑ፣ ዩኔስኮ ሠሩ። በ1984 የፕሬዚዳንት ኦማር ቦንጎ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኑ። ከ1990 ጀምሮ ደግሞ ሚኒስትርነቱ መጣ፤ ማስታወቂያ፣ ማዕድንና ኢነርጂ፣ ፕላን፣ በመጨረሻም ከ1999 እስከ 2008 የውጭ ጉዳይ። በቀኝ በኩል የሚጻፈው ስም ለሁሉም አንድ ነው፤ ኦማር ቦንጎ። ቦንጎ ከ1967 ጀምሮ እስከ ሞቱበት እስከ 2009 ድረስ ጋቦንን የገዙ ሰው ናቸው። ፒንግ ደግሞ ከቦንጎ ልጅ ከፓስካሊን ሁለት ልጆች ወልደዋል። ይህን የምጠቅሰው ለሐሜት አይደለም። ከሥርዓቱ ጋር የነበራቸው ትስስር እስከ ቤተሰብ ድረስ የደረሰ እንደነበር ካልያዝን ኋላ የመጣውን መለያየት ክብደቱን አናውቀውም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ትልልቅ ማዕረግ አያስደንግጣችሁ። ፒንግ በ1993 የነዳጅ ላኪ አገሮች ድርጅት የኦፔክ ፕሬዚዳንት፣ በ2004 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ሲሰማ ትልቅ ነው፣ ክብርም አለው። ግን የጠቅላላ ጉባኤው ወንበር በየዓመቱ ከአህጉር አህጉር እየተዘዋወረ የሚሰጥ ነው፤ ተራው ለአፍሪካ ሲደርስ መንግሥታት ተነጋግረው አንድ ሰው ያቀርባሉ። ማለትም ከጀርባው የአገሩ መንግሥት ድጋፍ አለ። የአፍሪካ ኅብረቱ ኮሚሽን ሥልጣንም በመሪዎች ድምጽ የሚገኝ ነው። በ2008 አዲስ አበባ ላይ ተመረጡ። በጥር 2012 ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ ከደቡብ አፍሪካዋ ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ ጋር አራት ዙር ድምጽ ተሰጥቶ ሁለት ሦስተኛውን የሚያገኝ ጠፋ። ሐምሌ ላይ ደገሙት። ጉባኤው ማላዊ ሊደረግ ታስቦ ነበር፤ ማላዊ የሱዳኑን አልበሽርን አልቀበልም ስላለች ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። እዚያው ዙማ በ37 ድምጽ አሸነፉ፣ ፒንግም ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ሊብረቪል ሄዱ።

ወረቀቱ ሲያልቅ ከባዱን ጥያቄ ጠይቁ። መቼ ወጣ? ከዚያ በፊት ሊወጣ የሚገባው ቀን አልነበረም ወይ?

ለፒንግ ያ ቀን በእኔ እምነት 2009 ነው። ኦማር ቦንጎ ሞቱ፣ ልጃቸው አሊ ቦንጎ ተወዳደሩ፣ 42 በመቶ የማይሞላ ድምጽ ይዘው አሸናፊ ተባሉ። ፖርት ዣንቲ በምትባለው የጋቦን ከተማ ሁከት ተነሳ። በዚያ ምርጫ ከተወዳደሩት አንዱ አንድሬ ምባ ኦባሜ ራሳቸው የቀድሞ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ነበሩ፤ ድምጻችን ተሰረቀ ብለው እስከ መጨረሻው ተከራከሩ። ፒንግ ያኔ የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀመንበር ናቸው፤ የገዢው ፓርቲ አባልነታቸውንም አልተዉም። ፓርቲውን የለቀቁት በየካቲት 2014 ነው። የአዲስ አበባው ወንበር ከሄደ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ማለት ነው። ይህ ብቻውን ሰውየው በኩርፊያ ወጣ አያሰኝም። የሰው ልብ ውስጥ ገብተን አናይም። ግን ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጡና ጥያቄውን ክፍት ተዉት። አጨብጫቢም ከሳሽም ቶሎ መዝጋት የሚፈልገው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ፣ አብሮ የወጣውን ሰው ቁጠሩ። አንድ ሰው ሲወጣ የግል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ሲወጣ ግን ስለ ቤቱ ይናገራል። በ2016 ጊ ንዙባ ንዳማ ከብሔራዊ ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት ለቀው ተቃዋሚ ሆኑ፤ ወንበሩ ላይ ከ1997 ጀምሮ ነበሩ። ካሲሚር ኦዬ ምባ ደግሞ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው። ሁለቱም እጩ ነበሩ፣ ሁለቱም ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው ለፒንግ ለቀቁ። ለምን ለቀቁ? የምርጫ ሕጉን ያላየ ሰው ይህን አይረዳውም። ያኔ የጋቦን ምርጫ በአንድ ዙር የሚያልቅ ነበር። ግማሽ ማግኘት አያስፈልግም፣ ከሌሎቹ በአንድ ድምጽ መብለጥ ይበቃል። ተቃዋሚ ከተበታተነ 2009 ይደገማል። ስለዚህ የማንኛውንም አገር ተቃዋሚ ከመውቀሳችሁ በፊት ሕጉ አንድ ዙር ነው ሁለት ዙር ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰውየውንና ድምጹን ለዩ። የፒንግ ያለፈ ታሪክ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2016 የተሰጠው ድምጽ የመራጩ ነው። ድምጹ ደግሞ በሒሳብ ይፈተሻል፤ ካልኩሌተር ይበቃል።

የምርጫ ኮሚሽኑ አሊ ቦንጎን በ49.80 በመቶ፣ ፒንግን በ48.23 በመቶ አስቀመጠ። ልዩነቱ 5,594 ድምጽ ነው። አሁን ክልሎቹን አንድ በአንድ እዩ። በአገሪቱ ደረጃ የወጣው መራጭ ወደ 59 በመቶ ነበር። የቦንጎ ቤተሰብ የትውልድ ክልል በሆነው በኦት ኦጎዌ ግን 99.93 በመቶ ወጣ ተባለ፤ ከዚያ ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ ለቦንጎ። ክልሉ ከ70 ሺህ በላይ ተመዝጋቢ አለው። እንግዲህ አስሉት፤ ከዚህ አንድ ክልል ብቻ ቦንጎ ከ60 ሺህ በላይ ብልጫ አገኙ ማለት ነው፤ የመጨረሻው ልዩነት ግን 5,594። ያ ክልል ባይኖር የሚመራው ፒንግ ነው። በ70 ሺህ ሰው መሀል በዚያ ቀን የታመመ፣ መንገድ የሄደ፣ መዝገብ ላይ ሳለ የሞተ ሰው ከጥቂት ደርዘን አይበልጥም ብሎ ማመን ለእኔ ከባድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎችም በዚህ ክልል ውጤት ላይ ግልጽ ችግር እንዳዩ ተናግረዋል።

ይህን ዘዴ ያዙት። አጠቃላይ ውጤቱን ትታችሁ የተሳትፎውን ቁጥር ክልል በክልል እዩ፣ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከዘለለ እዚያ ቁሙ። ከዚያ የየምርጫ ጣቢያው ቃለ ጉባኤ ወጥቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ፒንግ የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ የኦት ኦጎዌ ድምጽ ይቆጠር። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ከአንድ ወር በኋላ የቦንጎን ድል አጸደቀ፣ እንዲያውም ወደ 50.66 በመቶ ከፍ አደረገው። በመሀሉ ብሔራዊ ምክር ቤቱ ተቃጥሏል፣ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ወጣት ታስሯል። የሞተው ስንት ነው በሚለው ላይ መንግሥትና ተቃዋሚ በፍጹም አልተስማሙም። እንዲህ ሲሆን የአንዱን ወገን ቁጥር ብቻ አትያዙ፣ ሁለቱንም ከነምንጩ ጻፉ።

በመጨረሻ ከሽንፈቱ ማግስት ምን እንዳደረገ ተከታተሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ታሪኩን ይተወዋል። ጠመንጃ አነሳ? አገር ጥሎ ሄደ? ሹመት ተቀብሎ ተመለሰ? ከፒንግ ጎን የነበሩ አንዳንዶች ከጊዜ በኋላ ወደ መንግሥት ተመልሰዋል። ፒንግ ግን ለዓመታት ያሸነፍኩት እኔ ነኝ እንዳሉ ቆዩ፤ በዚህ በኩል አከብራቸዋለሁ። በነሐሴ 2023 ሌላ ምርጫ ተደረገ፣ እሳቸው እጩ አልነበሩም። አሊ ቦንጎ በ64 በመቶ አሸነፉ በተባለ በደቂቃዎች ውስጥ ወታደሮች በቴሌቪዥን ቀርበው ሥልጣን ያዝን አሉ።

መለማመድ ከፈለጋችሁ አዲስ ወረቀት አውጡ። መፈንቅለ መንግሥቱን የመሩት ጄኔራል ብሪስ ኦሊጊ ንጌማ በአንድ ወቅት የኦማር ቦንጎ የቅርብ አጃቢ መኮንን ነበሩ። ሚያዝያ 2025 በተደረገው ምርጫ ከ90 በመቶ በላይ አግኝተው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዋና ተፎካካሪያቸው አላን ክሎድ ቢሊ ባይ ንዜ ደግሞ የአሊ ቦንጎ የመጨረሻው ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው፤ አሁን ተቃዋሚ ሆነዋል። ከእሳቸው ጀምሩ። ግራው ዓምድ ላይ ሥልጣኑን፣ ቀኙ ላይ የሰጠውን ሰው ስም።