ልጅ ላይ ቲቢና ኒሞኒያ ሲደራረቡ ምን ይደረግ?

ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው ልጅ አሞክሲሲሊን ጀምሮ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ቢበርድለት፣ ቲቢ የለበትም ብላችሁ ምርመራውን አትተዉ። ቲቢ የያዘው ሳንባ ለሌሎች ባክቴሪያዎች፣ ለምሳሌ ለኒሞኮከስ፣ ይጋለጣል። በቲቢው ምክንያት ደረት ውስጥ ያበጠ ንፍፊት የአየር ቧንቧውን ሲጫነው አክታ ይጠራቀምና ኒሞኒያ ይከተላል። አሞክሲሲሊን ኒሞኒያውን ያድናል፤ ቲቢውን አይነካውም። ኒሞኒያው በአንድ ጎን ብቻ እየተመላለሰ ካስቸገረ ቲቢን አጥብቃችሁ ጠርጥሩ።

ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ ትንፋሹን ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሩ። የሕፃናት ትንፋሽ ወጥ ስላልሆነ የ15 ሰከንድ ቆጠራ አባዝቶ መውሰድ ያሳስታል። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። አየር ሲስብ ደረቱ ከታች ከተሰረጎደ፣ ጡት ወይም ውሃ እምቢ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ክብደቱ የተመዘገበበትን ካርድ ያዙ። በልደታና በመርካቶ ጠባብ ቤቶች አብሮ የሚያድር ዘመድም ሆነ ሕፃኑን የሚይዝ ጎረቤት የሚያስል ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ ምርመራውን አቅጣጫ የሚያስይዘው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ትንንሽ ልጆች አክታቸውን ስለሚውጡት ሰገራቸው የቲቢ ተህዋሲን በሚለየው በጂንኤክስፐርት መሣሪያ ሊመረመር ይችላል። ሽንት ያልነካው፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ይበቃል፤ ክዳን ባለው ንጹህ ዕቃ አምጡት። በልጆች ላይ ተህዋሲው ጥቂት ስለሆነ ምርመራው ባያገኘውም ቲቢ ሊኖር ይችላል፤ ሐኪሙ ኤክስሬዩን፣ ክብደቱንና ከቲቢ ታማሚ ጋር የነበረውን ንክኪ አይቶ ሕክምና ሊያስጀምር ይችላል።

ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሌቮፍሎክሳሲን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች ከፋርማሲ ገዝታችሁ በራሳችሁ አትስጡ። ቲቢውን ለጊዜው ያዳክሙና ምርመራውን ይደብቁታል፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢም ሊያመጡ ይችላሉ። ለኒሞኒያ የሚታዘዘው አሞክሲሲሊን በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ቢያንስ 40 ሚሊግራም፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ5 ቀን ነው። ትኩሳቱ ስለወረደ በ3ኛው ቀን አይቋረጥም።

የቲቢ መድኃኒት እየወሰደ ያለ ልጅ በድንገት ትኩሳትና ፈጣን ትንፋሽ ቢመጣበት የቲቢውን ሳታቋርጡ አሳዩት፤ ሁለቱ አብረው ይታከማሉ። በየቀጠሮው ይመዘን። በውሃ የሚሟሟው የልጆች ጥምር የቲቢ ኪኒን በቀን ከ4 እስከ 7 ኪሎ 1፣ ከ8 እስከ 11 ኪሎ 2፣ ከ12 እስከ 15 ኪሎ 3 ነው፤ ልጁ እያገገመ ኪሎ ሲጨምር መጠኑ ካልተስተካከለ ያንሰዋል። መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል።