ከሙዚየም ሱቅ መጽሐፍና በርኖስ ሲገዙ

በሰሜን ሸዋ በሚገኝ አነስተኛ የሙዚየም ሱቅ ስለ አንኮበር፣ ስለ ተጉለት ወይም ስለ መንዝ የአካባቢው ሰው ለፍቶ የጻፈው መጽሐፍ ካገኙ፣ እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቅጂ ታትሞ የሚቀር በመሆኑ፣ ሳያመነቱ ይግዙት። ከመክፈልዎ በፊት ግን የዘመን አቆጣጠሩን ይመልከቱ። ዳግማዊ ምኒልክ አንጎለላ የተወለዱበት ዓመት በአንዱ መጽሐፍ 1836፣ በሌላው 1844 ተብሎ ቢገኝ የፊተኛው ዓ.ም.፣ የኋለኛው እ.ኤ.አ. ስለሆነ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ይህን ለይቶ የማይጽፍ መጽሐፍ ግን አንባቢውን በ7 ወይም በ8 ዓመት ያሳስታል።

በርኖስ ወይም ባና ሲገዙ፣ ሻጩን አስፈቅደው ከጫፉ የተመዘዘች አንዲት ክር ከሱቁ ውጭ በክብሪት ይለኩሱ። የበግ ፀጉር ከሆነች ፀጉር ሲያር የሚሸተውን ትሸታለች፣ አመዷም በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል፤ ሰው ሠራሽ ከሆነች ቀልጣ እንደ ዶቃ ትጠጥራለች።

በማስታወሻ ዕቃ ስም አሮጌ ብራና ቢቀርብልዎ ግን እባክዎ አይግዙ፤ ከአንዱ ደብር ዕቃ ቤት የወጣ ሊሆን ይችላል፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።