አርሲዲ እየወረደ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

አርሲዲ፣ ማለትም ከረንት ከመስመሩ ወደ ግራውንድ ሲያፈስ መብራቱን የሚቆርጠው የቦርድ ዕቃ፣ በወረደ ቁጥር የሚወቀሰው ራሱ ነው። «ተበላሽቷል፣ ቀይሩልኝ» ይባላል፣ ይቀየራል፣ አዲሱም በማግስቱ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከቦርዱ ውጭ ነው። ከዚህ በታች ያለው ባለ 30 ሚሊአምፒር የቤት አርሲዲን ይመለከታል። ሾርትና የጭነት ብዛት የብሬከር ጉዳይ ስለሆኑ አንገባባቸውም።

ምልክት፦ ምጣድ ሲሰካ ይወርዳል

ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው። መብራቱ፣ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ደህና ናቸው፤ ምጣዱ ሲሰካ ቤቱ ይጨልማል። «አርሲዲ ሳይገባ በፊት ምጣዱ ምንም አልነበረበትም» ይላሉ። ነበረበት። የምትጋግረዋን ሴት «ጠርዙን ስትነኪው ይነዝርሽ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ትንሽ፣ ባዶ እግሬን ስሆን» ትላችኋለች። ያ «ትንሽ» ነው አሁን አርሲዲውን የሚጥለው።

የምጣዱ ሽቦ የሚተኛበት ሸክላና ጄሶ ውሃ ይጠጣል። ለሳምንታት ሳይጋገርበት የቆየ፣ ክረምቱን በጭቃ ኩሽና ያሳለፈ ወይም በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለ ምጣድ ከሽቦው ወደ ብረት አካሉ ያፈሳል። በ220 ቮልት 30 ሚሊአምፒር ለማፍሰስ 7 ኪሎኦም አካባቢ በቂ ነው። አርሲዲ ከ15 ሚሊአምፒር በላይ በየትኛውም ነጥብ ሊወርድ ስለሚችል፣ 14 ኪሎኦም እንኳ አንዳንዱን ይጥለዋል።

የሚወርድበት ሰዓት ምክንያቱን ይጠቁማል። እንደተሰካ ወይም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከወረደ በአብዛኛው እርጥበት ነው። ሁለት ሦስት እንጀራ ከወጣ በኋላ ከሆነ ግን ሽቦው ከቦዩ ተነስቶ ወደ ብረቱ ተጠግቷል፣ ሸክላው ተሰንጥቋል፣ ወይም የገመዱ መግቢያ ላይ ያለው ፕላስቲክ ቀልጧል። የመጨረሻው በጣም ይበዛል፤ ምክንያቱም ሙቀት የማይችል ተራ ገመድ በናስትሮ ጠቅልሎ መሸጥ የተለመደ ሆኗል። ናስትሮ እዚያ ሙቀት ላይ አይቆይም።

ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ። ክብ መሰኪያ ገልብጦ መሰካት ይቻላል። ፍሳሹ ከሽቦው አንድ ጫፍ አጠገብ ከሆነ፣ ያ ጫፍ ፌዝ (ቮልት ያለበትን ሽቦ) ሲያገኝ ይወርዳል፤ ሲገለበጥና ኒውትራል (ከረንቱ የሚመለስበትን ሽቦ) ሲያገኝ ይሠራል። «ገልብጠን ስንሰካው ተስተካከለ» የሚሉት ይህን ነው። አልተስተካከለም፤ ተደበቀ። ነገ ሌላ ሰው እንደገና ገልብጦ ይሰካዋል።

ምርመራው እንዲህ ነው። መልቲሜትር የሚልከው ጥቂት ቮልት ስለሆነ «ንጹሕ ነው» ብሎ ያታልላችኋል። ሜገር (በከፍተኛ ቮልት ፍሳሽን የሚለካ መሣሪያ) በ500 ቮልት ያዙ፣ ምጣዱን ንቀሉ፣ የመሰኪያውን ሁለት እግሮች አንድ ላይ አገናኝታችሁ ከግራውንዱ ጋር ለኩ። ከ1 ሜጋኦም በላይ ከሆነ ቀዝቃዛው ደህና ነው። አሙቃችሁ ነቅላችሁ ትኩስ እንዳለ ድገሙት፤ ብዙው ጉድ የሚወጣው በዚህኛው ነው። የግራውንዱ ሽቦ ከብረቱ አካል ጋር በእርግጥ መያያዙን ከሁሉ አስቀድሙ፤ ካልተያያዘ ሜገሩ ፍሳሹን አያሳይም።

እርጥበት ከሆነ ጠንካራ ፀሐይ ላይ አንድ ሁለት ቀን አቆይታችሁ እንደገና ለኩ። ሽቦው ከተነሳ ወይም ሸክላው ከተሰነጠቀ መጠጋገን ትርፉ ድካም ነው፣ ሽቦውንም ሸክላውንም ቀይሩ። ገመዱ ሙቀት የሚችል ይሁን፣ መያዣው የሸክላ ይሁን፣ ግራውንዱ በቡሎን ከብረቱ ጋር ይታሰር። ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ከ16 እስከ 18 አምፒር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ የራሱ መስመርና ጥሩ ሶኬት ያስፈልገዋል።

የግራውንዱን ሽቦ ቆርጦ «አሁን አይወርድም» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ከቤት አስወጡት። አርሲዲው ያልወረደው ፍሳሹ ስለቆመ አይደለም፤ መንገድ ስላጣ ነው። ቀጣዩ መንገድ እጅ ነው። አርሲዲውን በሽቦ ዘልሎ ማገናኘትም ያው ነው።

ምልክት፦ ምንም ካልበራ ሳይወርድ ይቆያል፣ የሆነ ነገር ሲበራ ይወርዳል

ኒውትራል ተቀላቅሏል። ፌዙ በአርሲዲው አልፎ ኒውትራሉ ከጋራ ባሩ (ኒውትራሎች ሁሉ ከሚታሰሩበት ብረት) ከተወሰደ፣ ወይም ከአርሲዲው በኋላ የሆነ ቦታ ኒውትራልና ግራውንድ ከተነካኩ፣ የሄደውና የተመለሰው ከረንት አይመጣጠንም። ነጠላ ብሬከሮችን አንድ በአንድ እያወረዱ መፈለግ እዚህ አይሠራም፤ ብሬከሩ ፌዙን ብቻ ነው የሚቆርጠው። ዋናውን አጥፍታችሁ ኒውትራሎቹን ከባሩ ነቅላችሁ እያንዳንዱን ከግራውንድ ጋር በሜገር ለኩ፤ በዚያን ጊዜ ምንም ዕቃ አይሰካ። ለእያንዳንዱ አርሲዲ የራሱ የኒውትራል ባር ይኑረው።

ምልክት፦ ቴስት ቁልፉ ሲጫን አይወርድም

መብራት መኖሩን፣ ቮልቴጁም በጣም አለመውረዱን አይታችሁ እንደገና ሞክሩ። አሁንም ካልወረደ ቀይሩት፤ ፈትቶ ማጽዳት የለም። ቁልፉ የሚፈትነው የዕቃውን ውስጥ ብቻ ነው። ግራውንድ ጭራሽ በሌለበት ቤትም ደስ ብሎት ይወርዳል።

ስትገዙ አንድ ነገር አስተውሉ። መብራት ሳይገናኝ ወደ ላይ አድርጋችሁ ቴስቱን ተጫኑት። ከወረደ ቁልፉ ማንሻውን የሚገፋ መካኒካዊ ብልሃት ነው፤ እውነተኛው ግን ከረንት ካላገኘ አይወርድም። እንዲህ ያለውን ከመደርደሪያ አውጥቶ «ኦሪጅናል» የሚል ሻጭ አይጠፋም።

መቀየርና መፈተን

ለቤት ሁለት ፖል፣ 30 ሚሊአምፒር፣ ዓይነት ኤ ምረጡ። ፊቱ ላይ ከሞገዱ ምልክት ጋር ግማሽ ሞገዶችም ይሳሉበታል። ሞገድ ብቻ የተሳለበት ዓይነት ኤሲ ነው፤ የልብስ ማጠቢያና ኤሌክትሮኒክስ ለበዛበት ቤት አይመችም። አርሲዲ ብቻውን ከጭነት አይጠብቅም፣ ስለዚህ የአምፒሩ ልክ ከፊቱ ካለው ብሬከር አይነስ፤ ለ40 አምፒር ብሬከር 40 ወይም 63። 300 ሚሊአምፒር ለእሳት እንጂ ለሰው አይሆንም።

ከቆጣሪው በኩል አጥፉ፣ በቴስተር መሞቱን አረጋግጡ፣ ከዚያ በኋላ ካቻቢቴ አንሡ። ኤን የተጻፈበት ላይ ኒውትራል ብቻ ይግባ። ብዙ ክር ያለው ሽቦ ጫፉ ላይ ማሰሪያ ያድርግ፤ ጠብቆ የማይያዝ ተርሚናል ይሞቃል፣ ከወራት በኋላ የቀለጠ ፕላስቲክ ይሸታል።

በአርሲዲ መፈተሻ ሲለካ በ15 ሚሊአምፒር ሳይወርድ መቆየት፣ በ30 በ300 ሚሊሰከንድ ውስጥ፣ በ150 ደግሞ በ40 ሚሊሰከንድ ውስጥ መውረድ አለበት። በፌዙ በ0ና በ180 ዲግሪ ፈትኑ፣ ዘገምተኛውን ውሰዱ። መፈተሻ የለኝም ብላችሁ አምፖል ከፌዝ ወደ ግራውንድ አትለጥፉ፤ የግራውንዱ ሽቦ የሆነ ቦታ ከተቆረጠ የሌሎቹ ዕቃዎች ብረት ሁሉ ቮልት ይይዛል።

የቀሩት አልፎ አልፎ የሚታዩ ናቸው። የቦይለር ሪዚስታንስ ሲሰነጠቅ ልክ እንደ ምጣዱ ነው። ውጭ ያለ ሶኬት ዝናብ ሲገባበት ይወርዳል። ከመብረቅ በኋላ አንድ ጊዜ ወርዶ ከቆመ አስነሡት፣ ከተደጋገመ ፈልጉ። ኒውትራሉ ከግራውንድ ጋር ያልታሰረ ጀነሬተር ላይ ደግሞ አርሲዲው ላይወርድ ይችላል።